ከአሥራ አምስት ስንት

«ይኼማ ቤተሰቡ እንቢ ብሎ ፈርሞ ያወጣው ሰውዬ ነው» አለ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ። የተናገረው ለባልደረባው ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ለቆመችው ለይርጋነሽ አልነበረም። ይርጋነሽ ግን ከኋላዋ ያለው ሰልፍ እየገፋት ግንባሯን ከመስኮቱ ብረት ጋር አጣብቃ ስለነበር አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። መጀመሪያ የሌላ ሰው ፋይል ያነሣ መሰላትና ዝም አለች። ከዚያ ሠራተኛው ጮክ ብሎ «ሰማው አካለ ወልድ፣ ዕድሜ ሠላሳ ስድስት፣ አናጢ፣ ከቢቸና» ብሎ አነበበ። ይህ የእሷ ባል ነው፤ የሞተው ባሏ። እንቢ ያለ ቤተሰብ ግን አታውቅም፤ ሰማውም ከእሷ የቀረበ ቤተሰብ አልነበረውም።

«ወንድሜ፣ ተሳስተህ እንዳይሆን» አለች። «እንቢ ያለ ሰው የለም። ሐኪሞቹ ናቸው ተስፋ የለውም፣ ውሰዱት ያሉት።»

ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ፋይሉን ዘጋውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ጠብቂኝ፣ እህቴ» አላት። እስካሁን «አንቺ ሴትዮ» ሲላት ነበር። ድንገት እህቱ መሆኗ ደስ አላሰኛትም።

ሞጣ የመጣችው ለጠብ አልነበረም። የቢቸና ማዘጋጃ ቤት የቤቱን ካርታ ወደ እሷና ወደ ልጇ ስም ለማዞር ባልሽ የት ታክሞ በምን ሞተ የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት አምጪ ብሏታል። ይህን ወረቀት እንዲያመጣላት ከጥቅምት ጀምሮ የለመነችው የባሏን ታላቅ ወንድም ከፋለን ነው። ከፋለ እዚሁ ሞጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሆስፒታሉ ከቤቱ ቢርቅ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ስብሰባ ሄዷል አላት። የገና በዓል ሲደርስ ማኅተም የሚይዘው ሰውዬ ታሟል አላት። ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ፣ የማኅተሙ ሰውዬ ግን አልተሻለውም። በስልክ ባስታወሰችው ቁጥር «አንቺ አትድከሚ፣ ይርጌ፤ እኔው ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ» ይላታል፤ እሷም እግዜር ይስጥልኝ ትለዋለች። መጋቢት ሲጋመስ ግን የማኅተሙ ሰውዬ ሕመም ሰለቻት። የአሥራ አንድ ወር ልጇን ለእናቷ ትታ፣ ለከፋለ ሳትነግረው፣ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈረች። ረዳቱ በሃምሳ ብር የሚኬደውን መንገድ ስድሳ አምስት ብር ጠየቃት፤ ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ ተከራክራ በሃምሳ አምስት ተስማሙ። እስከ ሞጣ ድረስ በዚህች ድል ደስ ብሏት ነበር።

ሲስተር ጸደንያ የምትባል ነርስ ከውስጥ መጥታ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻት። ክፍሏ ውስጥ ላስቲኩ የተቀደደ አልጋና ሁለት የብረት ወንበሮች አሉ፤ ግድግዳው ላይ ስለ ክትባት የሚናገር፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሲስተሯ ወፈር ያለች፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ፋይሉን ገልጣ ሁለት መስመር እንዳነበበች መልሳ ዘጋችውና «ረጅሙ ሰውዬ አይደል? የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የጠቆረው?» አለች። ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች። ያንን ጥፍሩን በመዶሻ የመታው ለሚወለደው ልጅ አልጋ ሲሠራ ነው። ባሏን ባንድ ጥፍሩ እንኳ የሚያስታውስ የማታውቀው ሰው በማግኘቷ ሆዷ ባባ።

«ታዲያ ለምን ወሰዳችሁት?» አለች ሲስተሯ። «ይቅርታ አድርጊልኝና ዓመት ሙሉ ስበሳጭበት የኖርኩት ነገር ነው። ባሕር ዳር ሪፈር ተጽፎለት፣ አምቡላንስ ተጠርቶለት፣ እየተሻለው ያለ ሰው እንዴት ወደ ቤቱ ይወሰዳል?»

«እየተሻለው?»

«አዎ፣ እየተሻለው።»

«አምስት ነው ያመጣው ተባልኩ እኮ» አለች ይርጋነሽ።

ይህን አምስት የሚባል ቁጥር ዓመት ሙሉ ተሸክማዋለች። አምና ሚያዝያ ላይ ሰማው የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ፣ የወንድሙን አዲስ ቤት ጣሪያ ሊመታ ወደ ሞጣ ሲሄድ እሷ የአሥራ ስምንት ቀን አራስ ነበረች። ለሕፃኗ ማስተዋል የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ የሄደውም እግሯን ስሞ ነው። እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከፋለ ደወለ፤ ሰማው እንጨት ሊጭን ሲሄድ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል አለ። ተነሥቼ ልምጣ ስትል ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ይዘሽ የት ትወጫለሽ፣ አራስ አይደለሽም ወይ አላት። እናቷም፣ ጎረቤቱም፣ የንስሐ አባቷም ያንኑ አሉ። አራስ እንኳን ሞጣ ድረስ፣ ከደጃፏም ብቻዋን አትወጣም። ስለዚህ ሰማው ሞጣ በተኛበት ጊዜ ሁሉ የእሷ ዓይንና ጆሮ ከፋለ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ደወለና ሐኪሞቹ የጭንቅላት መለኪያ አላቸው፣ ሙሉው አሥራ አምስት ነው፣ ሰማው አምስት ነው ያመጣው አላት። መምህር ነውና አብራርቶ አስረዳት፤ ሢሶው ማለት ነው፣ በዚህ ውጤት የዳነ ሰው የለም፣ ቤቱ ገብቶ በሰላም ይረፍ እያሉ ነው አላት። ይርጋነሽ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ከአሥራ አምስት አምስት ያመጣ ልጅ እንደሚወድቅ ግን ታውቃለች። እንግዲያው ይምጣልኝ አለች። ራሷ ናት ይምጣልኝ ያለችው። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣትም ይኸው ነው፤ ባሕር ዳር ውሰዱልኝ ብዬ ጮኼ ቢሆንስ ትላለች፤ ከዚያ አምስት ያመጣ ሰው የትስ ቢወስዱት ብላ ራሷን ታጽናናለች።

ሲስተር ጸደንያ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ማን ነው ያለሽ ብላ አልጠየቀቻትም፤ መጀመሪያ መለኪያውን ታስረዳት ጀመር። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ነው የምናየው አለች፤ ዓይኑን፣ አፉን፣ እጁን። ሳይጠሩት ዓይኑን ከገለጠ አራት፣ ሲጠሩት ከገለጠ ሦስት፣ ቆንጥጠውትም ካልገለጠ አንድ። የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ አውቆ ከተናገረ አምስት፤ ንግግሩ ደኅና ሆኖ ቦታና ቀን ከተምታታበት አራት፤ ድምፅ ከሌለው አንድ። በእጁ ያዘዙትን ከፈጸመ ስድስት፤ ምንም ቢያደርጉት ካልተንቀሳቀሰ አንድ። «እስቲ እጄን ጨብጪኝ» አለቻት። ይርጋነሽ ጨበጠቻት። «አየሽ፣ በዚህ ስድስት አገኘሽ። ሲደመር እኔና አንቺ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ነን።»

«ምንም የማይሆንለትስ? ዜሮ ነው?»

«ዜሮ የለውም። ዓይን አንድ፣ አፍ አንድ፣ እጅ አንድ፤ ትንሹ ሦስት ነው። የሞተ ሰው እንኳ ብትለኪ ሦስት ያመጣል።» ከዚያ ፋይሉን ገለጠችና በጣቷ እያሳየች አነበበችላት። «እሑድ ማታ ስምንት። ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሦስት፤ ይችን የለካሁት እኔ ነኝ፣ ፊርማዬም ይኸውና። እጁ ሙሉ ነበር። ጨብጠኝ ስለው የጨበጠኝ እስካሁን ትዝ ይለኛል፣ ጣቴን ሊሰብረው። ያሰጋን የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ሰፋ ማለቱ ነው። ውስጥ ደም እየተጠራቀመ እንዳይሆን ብሎ ነው ሐኪሙ ቶሎ ባሕር ዳር ይድረስ ያለው።»

ይርጋነሽ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታያት ጀመር። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ሰማውን በሚኒባስ ሲያመጡላት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሰው ሁሉ ለቅሶውን ውጦ ዙሪያውን ሲቆም እሷ ጎንበስ ብላ «ማስተዋል ደኅና ናት፤ ሰምተኸኝ ከሆነ እጄን ጨብጠኝ» አለችው። ጨበጣት። ደገመችለት፤ ደገመ። ጨበጠኝ ብላ ስትጮህ ከፋለ በትከሻዋ ይዞ አስነሣትና «የጅማት ነገር ነው፣ ይርጌ፤ አምስት ያመጣ ሰው አይሰማም» አላት። ጭንቅላቱ ጸጥታ ይፈልጋል ብሎ ሰው እንዳያናግረው አዘዘ፤ እሱው ራሱ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ረቡዕ እጁ ላላ፤ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ። ይርጋነሽ ያኔ ከገዛ እጇ ይልቅ ቁጥሩን አመነች። አሁን ቁጥሩም እንደ እጇ ሲናገር እንደኖረ ስትሰማ የተናደደችው መጀመሪያ በራሷ ላይ ነው።

«ሁለቱስ ምኑ ላይ ነው የጎደለው?» አለች። ለምን እንደጠየቀች አታውቅም፤ ያችን ሁለት ማወቅ አለብኝ ብቻ አለች በልቧ።

«አንዷ ዓይኑ ላይ ናት፤ ስጠራው ነው የሚገልጠው። አንዷን አፉ ላይ እኔ ቀነስኩበት።» ሲስተሯ ወረቀቱን አዞረችላት። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጥግ፣ በጠባቡ፣ በአማርኛ የተጻፈ አለ። «የተናገረውን እንዳለ ነው የጻፍኩት። የት ነው ያለኸው ብዬ ብጠይቀው የከፋለ ቤት ጣሪያ ላይ አለኝ። ቀኑን ብጠይቀው ዛሬ ጊዮርጊስ ነው አለ፤ ጊዮርጊስ ካለፈ ግን ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ከዚያ ደጋግሞ ከፋለ መሰላሉን ያዝልኝ፣ መሰላሉን አትልቀቀው ይላል። አስታማሚው ከመኪና ላይ ነው የወደቀው ብሎ አስመዝግቧል፤ ስለዚህ ተምታቶበታል ብዬ ከአምስት አራት ሰጠሁት።»

ከግድግዳው ማዶ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ በሰዓቱ ያልጠባ የይርጋነሽ ጡት ወተት አቅርሮ ቀሚሷን አረጠበው። «የፈረመው ማን ይላል?» አለች በመጨረሻ። ሲስተሯ የመጨረሻዋን ገጽ ገለጠች። እሷ ከሥራ ከወጣች በኋላ የተፈረመ ስለሆነ ከዚህ በፊት ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ባሕር ዳር እንድንወስደው ቢነገረንም በራሳችን ፈቃድ ወደ ቤቱ ወስደነዋል ይላል፤ ሥሩ ላይ በሚያምር የመምህር ጽሕፈት ከፋለ አካለ ወልድ፣ ወንድም የሚል ሰፍሯል። ሲስተር ጸደንያ ስሙን አነበበችው፤ ወደ ኋላ ገልጣ ራሷ የጻፈችውን አየች፤ እንደገና ስሙን አነበበች። «አምላኬ» አለች። «እውነቱን እየነገረኝ ነው የቀነስኩበት።»

ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ በሐኪሙ ተፈርሞ እንደሚደርስ ነገረቻትና እያመነታች «እንዳለ ይጻፍልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ይርጋነሽ እንዳለ ይጻፍልኝ አለች፤ የተናገረውም፣ ማን እንደፈረመም። የማኅተሙ ሰውዬ ሕመም ምን እንደነበረ አሁን ገባት።

ወደ ከፋለ ቤት የሚወስደው መንገድ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። ይርጋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ለመሳለም ቆመች፤ ጸሎቱ ግን አልመጣላትም። የሚመጣላት ያ ዕለት ነው። በሚያዝያ ጊዮርጊስ የሞጣ ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ይወጣል፤ ቤት የሚቀር በሽተኛ ብቻ ነው። በዚያ ቀን መዶሻ ቢያስተጋባ የሚሰማ ጎረቤት የለም። ሰማው በበዓል ቀን ሚስማር የማይነካ ሰው ነው፤ ለታላቅ ወንድሙ ሲሆን ግን እንቢ አይልም፤ አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ አናጢ ዘንድ አስገብቶ ሙያ ያስያዘው ከፋለ ነውና። ክረምቱ ቀርቧል፣ ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ መምህር የሚያርፈው በእሑድና በበዓል ነው። ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ትረዳው ነበር። ወንድሜ ከጣሪያዬ ላይ ወደቀብኝ ቢላት አብራው ታለቅስ ነበር። አብግኖ የገደላት መውደቁ አይደለም፤ አምስት ነው። ያችን ቁጥር ተቀብላ ዓመቱን ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ያለችው፣ ልጇን ክርስትና ሲያስነሣላት እጁን የሳመችው፣ በየበዓሉ ማር የላከችለት ነው። እየሄደች ድምፅ አውጥታ «እጁን ሳምኩት እኮ» አለች፤ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ዞር ብላ አየቻት።

ቤቱ አምሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የከፋለ ሚስት የትናየት በሩ ላይ ስታያት «ውይ ይርጌ! ምነው ሳትነግሪን?» ብላ አቀፈቻት፤ ጉንጯን አራት ጊዜ ሳመቻት፤ አራተኛው ላይ ፊቷን አይታ እጇን አላላች። የትናየት የማስተዋል ክርስትና እናት ናት። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ቡናማ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የሰማው ፎቶግራፍ በፕላስቲክ አበባ ተከቦ ተሰቅሏል። ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው መሬት ላይ አንድ መዶሻ ተጋድሟል። ይርጋነሽ መዶሻውን ከማንም ቀድማ አየችው። እጀታው ላይ ቀይ የጎማ ከመነዳሪ የተጠመጠመበት ነው፤ የጠመጠመችው እሷ ናት፣ እጁን እንዳይልጠው ብላ። ከመሣሪያ ሣጥኑ ጋር አይሱዙው ላይ ቀርቶ ጠፋ የተባለ መዶሻ ነው። አነሣችው፤ በሩ ተዘጋ። ይርጋነሽ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ከፋለ ለስድስት ሰዓት ዕረፍቱ ከትምህርት ቤት መጣ። ሸምገል ያለ፣ ኮቱን በሙቀትም የማያወልቅ፣ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የሆነ፣ መንገድ ላይ ሰው ቆሞ የሚያሳልፈው ሰው ነው። ይርጋነሽን ሲያይ «እንዴት ነሽ፣ ይርጌ፤ ልጅቱ ደኅና ናት?» አለ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዶሻ አይቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጾም ባይሆን ምግብ ይቀርብ ነበር፤ ብሉልኝ በሞቴ ሲባል፣ እጅ ሲታጠብ፣ ውኃ ሲቀዳ ዝምታው ይሸፈን ነበር። በዐቢይ ጾም በስድስት ሰዓት ግን ቤት ውስጥ የሚቀርብ ነገር የለም። ሦስቱም ባዶ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲሞቅ ጠሽ ጠሽ ይላል።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ዛሬ ላገኝ ነው» አለች ይርጋነሽ። «ራሴ ሄድኩ። ሲስተሯ አነበበችልኝ። አሥራ ሦስት ነበር።»

ከፋለ ወደ ጠረጴዛው እያየ ተናገረ። «ክፉ አስቤ አይደለም፣ ይርጌ። እግዚአብሔር ያውቃል። አሥራ ሦስት ሲሉኝ ዳነ ብዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፈተና አርሜያለሁ፤ ከአሥራ አምስት አሥራ ሦስት ያመጣ ልጅ ወድቆ አያውቅም። ሁለት ናት የጎደለችው። ቤቱ ገብቶ ሲያርፍ ትሞላለች ብዬ ነው።»

ለአፍታ ያህል አመነችው። መምህር ነውና እንዲህ ሊያስብ ይችላል፤ እሷስ አምስትን በትምህርት ቤት ውጤት አይደል የቆጠረችው? ሆዷ ሊራራ ምንም አልቀረው። ከዚያ ግን የቀረውን ጠየቀችው። «ዳነ ብለው ከሆነ ታዲያ ለእኔ ለምን አምስት አሉኝ?»

ከፋለ የኮቱን ቁልፍ ይዞ ያዞረው ጀመር። ጥግ ላይ የተቀመጠችው የትናየት ድንገት በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች።

«ንገራት እንጂ፤ ዓመት ሙሉ እኮ ልቤ ሊፈርስ ነው!» አለች። እሱን ሳትጠብቅ ራሷ ተናገረች። «ታቦቱ ሲመለስ ነው። እኔ አብሬ ነበርኩ። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በዚህ በኩል ብቅ ሲሉ ጊዜ በጊዮርጊስ ቀን መሰላል ይዞ ሲሠራ እንዳያዩት ብሎ ጓሮ ገብቶ ተደበቀ። መሰላሉን ለቀቀው፣ ይርጌ። ለሰማው እንኳ ሳይነግረው። እሱ ሊወርድ እግሩን ሲያሳርፍ መሰላሉ ሸሸ። ሆስፒታል ደግሞ ነቃ ባለ ቁጥር ስሙን ይጠራል፤ ከፋለ መሰላሉን፣ ከፋለ መሰላሉን። ሰው ሁሉ ይሰማል። ባሕር ዳር ቢሄድ ሊድን ነው፤ ሊናገር ነው። አንቺም አሥራ ሦስት መሆኑን ብትሰሚ ባሕር ዳር ካልወሰዳችሁት ትያለሽ።»

«አንቺም ታውቂ ነበር» አለች ይርጋነሽ። ማስተዋልን ታቅፋ ከቤተ መቅደስ የወጣችው፣ ለልጅቷ የአንገት ማዕተብ ያሰረችላት የትናየት ናት፤ ይርጋነሽ ይህን አሁን ልታስበው አልፈለገችም፤ ለአንድ ቀን አንድ ሰው ይበቃታል።

ተነሥታ ከፋለ ፊት ቆመች። ስትጮህ የሚጠብቃት መሰለ፤ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ተዘጋጀ። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ቀና በልና እየኝ» አለችው። በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም። ከፋለ ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣም። ጠበቀችው፤ ስሙንም ጠርታ ደገመችለት። አላነሣም።

«ሰማው ሲወድቅ የት ነበርህ? በአፍህ ንገረኝ፤ ከእሷ ሳይሆን ካንተ ልስማ።»

ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሚስቱ «ተናገር እንጂ፣ ከፋለ» ብላ ለመነችው። ፀሐዩ ላይ ቆርቆሮው ጠሽ አለ። ይርጋነሽ ቀኝ እጇን ዘርግታ የእሱን እጅ ከጉልበቱ ላይ አነሣችው፤ ልጇ ክርስትና በተነሣች ዕለት ጎንበስ ብላ የሳመችው ያው እጅ ነው፤ ከጣቶቹ መካከል የጠመኔ ዱቄት አለ።

«ጨብጠኝ» አለችው። «ሰማው ጨብጦኝ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ። አንተም በድለኸኝ ከሆነና ይቅርታ የምትለኝ ከሆነ ጨብጠኝ።»

እጁ በእጇ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። ልባዊ ይቅርታ ቢጠይቃት ምን ታደርግ እንደነበር አታውቅም፤ ምናልባት ትወድቅበትና ታለቅስ ነበር፤ ለዚህም ነው ረጅም ጊዜ የቆየችለት። ከዚያ እጁን መልሳ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት፣ መዶሻውን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች፣ ወጣች። የትናየት እስከ አጥሩ በር ተከትላ ሙት ዓመቱ እንዴት ይሆናል፣ ሰው ምን ይላል እያለች ታለቅሳለች። ይርጋነሽ ዞር ብላ አላየቻትም።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወረቀቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ክብ ሰማያዊ ማኅተም ተመትቶበት በመስኮቱ በኩል ተሰጣት፤ ማኅተሙን የመታው ጎልማሳ ጤናው እንደ ጎሽ ነው፣ ጫት እንኳ የማይቅም ደንደን ያለ ሰው። ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ከመዶሻው ጋር ጠቀለለችው። ነገ ቢቸና ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ያነበዋል፤ እስከ ማታ ደግሞ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ደርቆ ሻክሯታል፤ ልጇ ናፈቀቻት። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይወጣባት ለመድረስ ስትፈጥን ሲስተር ጸደንያ ከውስጥ አይታት በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ደረሰችባት።

«አገኘሽው?» አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ወንድምየውን? ምን አለሽ?»

ይርጋነሽ ትንሽ አሰበች። ዓይኑን፣ አፉን፣ እጁን በየተራ አስታወሰች፤ ማንኛውንም ሳትቀንስበት ደመረችው።

«ሦስት» አለች።

ሲስተር ጸደንያ ነጠላዋን አስተካክላላት እስከ መኪናው ሸኘቻት።